ዘመነ ጽጌና የቅኔ ቆጠራ በጎጃም ደኖች

ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉትን አርባ ቀናት ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ጽጌ ብላ የእመቤታችንን ስደት ታስብባቸዋለች። ክረምቱ ወጥቶ ጮቄ ከጉሙ ሲገለጥ፣ ቀድሞ መንቆረር ትባል በነበረችው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ይለብሳል፣ ረግረጉም በማገጥ ያብባል፤ በየደብሩ ዐጸድ ግን፣ ወይራና ጥድ ባጠሉበት፣ ነጩ ቀጋና መዓዛው ከሩቅ የሚያውደው ጠምበለል ቀርቦ ላልፈለጋቸው አይታዩም።

ቀርቦ የሚፈልጋቸው ከጥንት ጀምሮ የቅኔ ተማሪ ነበረ። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ ደበሎ ለባሹ ተማሪ ቅኔ ሊቆጥር ሲነሣ ከባልንጀሮቹ ተለይቶ ወደ ደኑ ይገባል፤ ከዚያም ጀማሪው ሁለት ቤት ያለውን ጉባኤ ቃና፣ የበረታውም ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በልቡ አሰናድቶ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም የሰዋስዉን ግድፈትና የምሥጢሩን መፋለስ ያርማሉ። ትናንት የተነገረ ቅኔ ዛሬ ስለማይደገም ተማሪው ሁልጊዜ አዲስ ሰም ይሻል፤ እሾሁ ከየት እንደ በቀለ፣ ጠዋት ፈክቶ ማታ የሚጠወልገው የትኛው እንደ ሆነ አጥብቆ ካልተመለከተ ሰሙ ይላላበታል፣ ሰሙ ከላላም ወርቁ አይጸናም። ይህን የመሰለ አስተውሎት የዕፀዋት ምርምር ካልተባለ ምን ሊባል እንደሚችል አላውቅም። የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ በየሰንበቱ ሌሊት ሲቆም፣ በቀን ከደኑ የተቆጠረው ቅኔ በዚያው ማኅሌት ይሰማል።

በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ሊፈጸም ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በዚሁ በዘመነ ጽጌ፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደርሶ ነበር፤ የአገራችንን ዕፀዋት አሥሥሎ በመመለሱ፣ ከተቅማጥ ፈወሰኝ ያለው ዋጊኖስ የተባለው ዕፅ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ በእርሱ ስም ብሩሲያ ተባለ። የእኛ ተማሪ ግን ያየውን ሁሉ በግእዝ ቤት አኑሮ በቃሉ ስለ ተናገረ በአውሮፓውያኑ መዝገብ አልተጻፈም።

እርሻው እየሰፋ የደጋው ደን ሲመነጠር፣ የደብር ዛፍ መቁረጥ ድፍረት ሆኖ ስለሚቆጠር ዐጸዱ ተርፏል፤ ጥላ የሚወዱ ሐረጎችና አበቦችም ከነመጠሪያቸው እዚያ ይገኛሉ። ስለዚህ የጎጃምን የዱር አበባ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሁሉ ከአውሮፓ መዛግብት አስቀድሞ የቅኔ መምህራኑን ሊጠይቅ ይገባዋል።