ለጦርነት የተዋጣው ገንዘብ

ዛሬ የምነግራችሁ የአንድ ማመልከቻ ታሪክ ነው። ዘመኑ በፈረንጆች አቆጣጠር 1946፣ አገሩ እንግሊዞች ገና ያልለቀቋት ሕንድ። ልጁ አብዱስ ሳላም ይባላል፤ ያደገው በፑንጃብ ምድር፣ ጃንግ በምትባል ከተማ ነው። በ14 ዓመቱ የመልቀቂያ ፈተና ወስዶ እስከዚያ ድረስ ማንም ያላገኘውን ውጤት ሲያመጣ፣ የጃንግ ሰው መንገድ ወጥቶ ተቀበለው።

ቤተሰቡ የተመኘለት የመንግሥት ሹመት ነበር። የሹመቱ ፈተና ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ተቋርጧል። ልጁ ላሆር ላይ በሒሳብ ማስተርሱን ጨርሷል፣ ዕድሜው 20 ሞልቷል። ከዚህ በኋላ የመማሪያ ገንዘብ ከየት ይምጣ?

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። የፑንጃብ ጠቅላይ ሚኒስትር ኪዝር ሐያት ቲዋና ለጦርነቱ መርጃ ገንዘብ አሰባስበው ነበር። ጦርነቱ አለቀና ገንዘቡ ተረፈ። ምን ይደረግበት ሲባል፣ ለአነስተኛ ገበሬዎች ልጆች የውጭ አገር ትምህርት ይዋል ተባለ። 5 ተማሪዎች ተመረጡ፤ አንዱ ሳላም ሆነ። ታዲያ ገንዘብ ማግኘትና የመማሪያ ቦታ ማግኘት ለየቅል ናቸው። በካምብሪጅ ሴንት ጆንስ ኮሌጅ ሳይታሰብ አንድ ቦታ ተለቀቀ፤ ሳላም በዚያው ዓመት ተሳፈረ። የቀሩት አራቱ ለሚቀጥለው ዓመት ጠብቁ ተባሉ።

የሚቀጥለው ዓመት 1947 ነበር። ሕንድና ፓኪስታን ተለያዩ፤ ፑንጃብ ደም እየፈሰሰ ለሁለት ተቆረጠች፤ ስኮላርሺፑም በዚያው ቀረ። የሳላምን ስም ዓለም ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ የእነዚያ የአራቱ ነገር ነው። እነሱም ተወዳድረው አልፈው ነበርና።

ወደ ልጃችን እንመለስ። መርከቡ ሊቨርፑል ሲደርስ ብርዱ አላስቆም አለው። ዘመዳቸውን ሊቀበሉ ወደቡ ላይ የነበሩት ዳኛ ሰር ዛፍሩላ ካን ሲንቀጠቀጥ አይተው የራሳቸውን ካፖርት ሰጡት። ካምብሪጅ ገባ፤ ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰ፤ የዶክትሬት ሥራውንም ሠራ፤ በ1951 አገሬን ላስተምር ብሎ ላሆር ተመለሰ።

ምን ጠበቀው? ምርምሩን እንዲረሳው ተነገረው። ከማስተማሩ ጎን ለጎን ወይ የኮሌጁን ገንዘብ ይያዝ፣ ወይ የተማሪዎች ማደሪያ ይቆጣጠር፣ ወይ የእግር ኳስ ክለቡን ይምራ ተባለ። እግር ኳሱን መረጠ። በሙያው የሚያወያየው ሰው አጠገቡ አልነበረም። በ1953 ደግሞ በእምነት ወገኖቹ በአሕመዲያዎች ላይ ላሆር ውስጥ ብጥብጥ ተነሣ። በ1954 ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። ተምረው ውጭ የቀሩትን ልጆቻችንን ለመውቀስ የምንቸኩል ሰዎች፣ ይህን የሦስት ዓመት ብቸኝነት እንድናስበው እለምናለሁ።

ሳላም ግን ነገሩን ለራሱ ብቻ አልፈታውም። በ1960 ለዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጉባኤ፣ የድሃ አገር ፊዚሲስቶች የሚሰባሰቡበት ማዕከል ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሀብታሞቹ አገሮች ፊት ነሡት፤ ጣልያን ግን እጇን ዘረጋች። በ1964 ማዕከሉ በአድሪያቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በትሪየስቴ ተከፈተ። አንድ መምህር ካገሩ መጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ይመራመራል፣ ከሙያ እኩዮቹ ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ይመለሳል። አገርህን ወይም ፊዚክስን ምረጥ የሚለው የለም።

በ1991 ደግሞ የዲፕሎማ ትምህርት ተጨመረ። ጭንቅላት እያለው ለዶክትሬት የሚያበቁትን ከባድ ኮርሶች ሳያገኝ ለተመረቀ ወጣት የታሰበ የአንድ ዓመት ትምህርት ነው፤ ለተመረጠው ሰው ጉዞውም ኑሮውም ይሸፈናል። ከኢትዮጵያ የሄዱ ልጆችም በዚህ በር አልፈው ለዶክትሬት በቅተዋል። ማዕከሉ ኪጋሊ ላይም ለምሥራቅ አፍሪካ ተቋም አለው።

እናንተ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ሆናችሁ ፊዚክስ የምትማሩ፣ አሜሪካንም ብታስቡ ይህን እወቁ። እዚያ የፊዚክስ ፒኤችዲ ተማሪ እንደ ደንቡ የትምህርት ክፍያ አይጠየቅም፤ በረዳት መምህርነት ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራ ደመወዝ ያገኛል። የሚያስቸግረው በሩ ላይ ያለው ነው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻውን ለማየት ብቻ በዶላር ያስከፍላሉ፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ የሌለው የገበሬ ልጅ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ተስፋ ከመቁረጣችሁ በፊት ክፍያው እንዲነሣላችሁ ለትምህርት ክፍሉ ጻፉ። ይህን የሚፈቅዱ ብዙ ናቸው፤ ሳይጠየቁ ግን ብዙውን ጊዜ አይሰጡም።

ከሁሉ የሚከብደው የድጋፍ ደብዳቤው ነው፤ ብዙ ጊዜ ሦስት ይጠየቃል። ይህን ለመምህራን እላለሁ። ተማሪዬ ጎበዝና ጨዋ ናት ብቻ የሚል ደብዳቤ መራጮቹ አንብበው የሚያስታውሱት ነገር የለም። የትኛውን ችግር እንዴት እንደፈታች፣ ላብራቶሪው መሣሪያ ሲያጣ ምን ዘዴ እንደፈጠረች፣ የቱ ጥያቄዋ እናንተን ራሳችሁን እንዳሳሰባችሁ ጻፉ። የአብዛኞቹ ቀነ ገደብ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ላይ ነው፤ እባካችሁ ከጥቅምት ጀምራችሁ ጻፉላቸው።