ራይን ላይ የቆመው ግድብ

የሪቻርድ ቫግነር «የኒቤሉንግ ቀለበት» አራት ኦፔራዎችን ያቀፈ፣ ሙሉውን ለማየት አራት ምሽትና አሥራ አምስት ሰዓት ያህል የሚጠይቅ ሥራ ነው። ታሪኩ የተቀዳው ከጥንት የጀርመንና የስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ ነው። ከራይን ወንዝ በተሰረቀ ወርቅ ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱን የያዘ ዓለምን ይገዛል፤ በመጨረሻ አማልክቱን ከነቤተ መንግሥታቸው እሳት ይበላቸዋል።

ሙሉው ሥራ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1876 በጀርመን ባይሮይት ከተማ ቫግነር ባሠራው ቲያትር ቤት ነው። በዚያ የታየው ጦርና የራስ ቁር ከዚያ በኋላ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ሂትለር የባይሮይት የኦፔራ በዓልና የቫግነር ቤተሰብ ወዳጅ ስለነበር፣ ከዚያ ትዝታ ለመራቅ የሪቻርድ ቫግነር የልጅ ልጅ ቪላንድ ቫግነር በ1951 ጓዙን ሁሉ አውጥቶ መድረኩን ለብርሃንና ለጥላ ተወው።

በ1976፣ በመቶኛ ዓመቱ፣ ሥራው ለፈረንሳዮች ተሰጠ። ሙዚቃውን ፒየር ቡሌዝ መራ፤ አዘጋጁ የ31 ዓመቱ ፓትሪስ ሼሮ ነበር። መጋረጃው ሲከፈት ወንዙ በነበረበት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ቆሟል። አማልክቱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ባለጸጋ ልብስ ለብሰዋል። የጀግናው የሲግፍሪድ ሰይፍ የሚሠራው በግዙፍ የፋብሪካ መዶሻ ነው። ጀግናው የሚገጥመውን ዘንዶ ደግሞ የመድረክ ሠራተኞች ተመልካች እያያቸው በመንኮራኩር ይገፉታል። ከሙዚቃው ግን አንድ ኖታ አልተነካም።

ተመልካቹ በፉጨትና በጩኸት አዳራሹን አናጋው፤ የተቃውሞ ወረቀትም ተበተነ። ሐሳቡ ግን እንግዳ አልነበረም። ደራሲው በርናርድ ሾው ገና በ1898 ሥራውን የኢንዱስትሪ ካፒታሊዝም ታሪክ አድርጎ አንብቦታል። ቫግነርም በ1849 የድሬስደን አመፅ ተሳትፎ ተሰዷል፤ የኦፔራውን ጽሑፍ የጀመረውም በእነዚያ ዓመታት ነው። ስለዚህ ሼሮ ታሪኩን የመለሰው ወደ ተጻፈበት ዘመን ነው።

ሁሉም ሰምሮለታል ማለት አይደለም። መዶሻው ራሱ ሲቀጠቅጥ የሲግፍሪድ ጉልበት ይኮሰምናል። መዝጊያው ግን ወደር የለውም፦ መድረኩ ላይ እሳቱን ሲመለከት የቆየው ሕዝብ ቀስ ብሎ ይዞርና ተመልካቹን ፊት ለፊት ያየዋል።

በ1980 ለመጨረሻ ጊዜ ሲታይ ጭብጨባው ከአንድ ሰዓት በላይ ዘለቀ። የተቀረጸው ፊልም በቴሌቪዥን ተሰራጭቶ ባይሮይትን ላልረገጠ ሕዝብ ደረሰ። በ2013 አዘጋጁ ፍራንክ ካስቶርፍ በወርቁ ፈንታ የነዳጅ ዘይትን ይዞ ሲመጣም የባይሮይት ታዳሚ በጩኸት ነው የተቀበለው።