ወፍ የሚባለው ዓሣ እና የአሞሌ ጨው

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ አጠገባችሁ አድርጉ።

ባለፈው ሳምንት ማታ ፈተና እያረምኩ ስልኬ ጮኸ። ጅዳ ሰው ቤት የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። "ቲቸር ይቅርታ፣ መሽቷል። ይሄ ዓሣ ምንድነው?" ብላ ፎቶ ላከችልኝ። ትልቅ የሳሎን አኳሪየም ነው፤ ውስጡ ኮራል ሞልቶበታል። መሃል ላይ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ዓሣ ቆሟል፤ ጎኑ ላይ የጨረቃ ቅርፅ ያለው ቢጫ፣ ጅራቱም ቢጫ።

"ሱቁ አስፉር ነው ብሏቸዋል። አስፉር በዓረብኛ ወፍ አይደል እንዴ? ምግብ ከተወ ሦስት ቀኑ ነው። ከሞተ ከደሞዝሽ ይቆረጣል ብለውኛል።"

እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ነው። ስሙን ሳይ ግን አንድ ታሪክ ትዝ አለኝ።

በ1761 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዴንማርክ ንጉሥ ስድስት ሰዎችን ወደ ዓረብ አገር ላከ። ከነሱ አንዱ የታዋቂው የሊኔየስ ተማሪ ፔተር ፎርስኮል ነበር። በ1762 መጨረሻ እዚችው ጅዳ ደረሱ። ፎርስኮል ዓረብኛ ያውቃል። ዓሣ እያስያዘ፣ ቆዳውን እንደ ቅጠል ወረቀት ላይ ለጥፎ ያደርቃል፤ የአገሩ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራውም ይጽፋል። በሐምሌ 1763 የመን ውስጥ ያሪም ከተማ ላይ በወባ ሞተ፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ከስድስቱ በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። የጓደኛውን ጽሑፍ በ1775 ያሳተመው እሱ ነው። የደረቁት ዓሦችም ዛሬ ድረስ ኮፐንሃገን አሉ።

የዓሣው ሳይንሳዊ ስም ፖማካንተስ አስፉር ነው። ልጅቷ ትክክል ናት፤ ወፍ ማለት ነው። ቃሉ የባሕሩ ሰዎች ነው፤ ከስሙ ጎን የሚጻፈው ግን "ፎርስኮል" ነው።

ይሄን ስነግራት ደስ አላት። ግን ዓሣው እየሞተ ነው! "ውሃው ሲጎድል ምን ትጨምሪበታለሽ?" አልኳት።

"ጨው የተበጠበጠበትን። ባሕር ነዋ ቲቸር!"

እዚህ ላይ ነው አሞሌ የመጣው። "የአሳሌን ጨው ታስታውሻለሽ?" አልኳት። ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው የዳናኪል ምድር በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር። ዛሬም ዳርቻው ላይ ድንጋይ የሆነ ኮራል ይገኛል። መግቢያው ሲዘጋ ፀሐይ ውሃውን አተነነችው፤ ጨው ግን አይተንም፣ እዚያው ቀረ። አባቶቻችን እየጠረቡ በግመልና በበቅሎ ጭነው ገንዘብ አደረጉት፤ አሞሌ አልነው። እሷም ሳታውቀው ሳሎን ውስጥ ትንሽ አሳሌ እየሠራች ነበር። ቀይ ባሕር በሊትር 40 ግራም ገደማ ጨው አለው። ውሃው በተነነ ቁጥር ጨዋማ ከጨመርንበት በየሳምንቱ እየከረረ ይሄዳል። የተነነው የሚተካው በንጹሕ የተጣራ ውሃ ነው፤ ጨው ያለበት የሚገባው አሮጌው ውሃ ተቀድቶ ሲቀየር ብቻ ነው። መለኪያውን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ፤ ከልኩ በላይ ነው። "በየቀኑ ትንሽ ቅጂና በንጹሑ ተኪው፤ በአንዴ እንዳታደርጊው፣ ዓሣው ይደነግጣል" አልኳት።

ቀጥላ ምን ብትል ጥሩ ነው? "ድንጋዩም ቆሽሿል፣ በበረኪና ልጠበው?"

እንዳትነኪው! ያ ድንጋይ ታሪክ አለው። እንግሊዞች በ1850ዎቹ የባሕር እንስሳ በመስታወት ማኖር ፋሽን አድርገውት ነበር፤ የለንደን መካነ እንስሳት የዓሣ ቤቱን በ1853 ከፈተ። ብዙው ግን ዓሣ በራሱ ቆሻሻ ተመርዞ ይሞት ነበር። በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የሚባል ኢንዶኔዥያዊ ዘዴውን ጻፈ፦ ድንጋዩን ከነሕይወቱ ከባሕር አምጣ፣ አየር ንፋበት፣ ተወው። ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች የዓሣውን መርዝ ወደማይጎዳ ነገር ይለውጡታል። በበረኪና ያጠበ ሰው ባሕሩን ገደለ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለአሠሪዎቿ እንድትነግር ጽፌላታለሁ። ይሄ ዓሣ እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ በተፈጥሮው ስፖንጅ በል ስለሆነ ኮራሉንም ሊነካካ ይችላል። ለቤት ከባድ ዓሣ ነው። መርጠው የገዙት እነሱ ናቸው፤ ማንም ሳያስተምራት ባልዲ የሰጧትም እነሱ ናቸው። ቢሞት ዕዳው የእሷ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ትናንት ማታ በድምፅ ላከችልኝ፦ "ቲቸር፣ በላ! በላልኝ!" ከኋላዋ የውሃው ፓምፕ ይሰማል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለች፣ "ቲቸር፣ አሞሌ ፈተና ላይ ይመጣል?" ብላ የጠየቀችኝ እሷ ናት። ይኸው መጣ።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ። በየሰው አገር ያላችሁ ተማሪዎቼ፣ ቢመሽም ጻፉልኝ።