ጅብ ከሄደ የጮኸ ውሻ

አሁን ይህን እያነበባችሁ፣ ማሽናችሁ ላይ ማንም ያልጠራቸው ፕሮግራሞች ከጀርባ እየሠሩ ነው። መስኮት የላቸውም፤ አያናግሯችሁም። ባለሙያዎቹ «ዴመን» ይሏቸዋል፤ በእኛ ጋኔን እንደማለት ነው። ስሙን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያወጡላቸው የኤም.አይ.ቲ. የፕሮጀክት ማክ ሰዎች ናቸው። የተዋሱት ግን ከሃይማኖት ሳይሆን ከፊዚክስ ነው፦ ጀምስ ማክስዌል ሞለኪውል ሲለይ የሚውል፣ ድካም የማያውቅ ምናባዊ ፍጡር ነበረው።

ጥያቄው ወዲህ ነው፦ የማይታይ ሠራተኛ ሲሳሳት ለማን ይናገራል? በ1980ዎቹ በርክሌይ የነበረው ኤሪክ ኦልማን፣ ሴንድሜል ለተባለው የኢሜይል ፕሮግራሙ ሲል መልስ አበጀ፦ ሲስሎግ። የጀርባ ፕሮግራሞች የስህተት መልእክታቸውን ለእሱ ይሰጣሉ፣ እሱም መዝግቦ ለሚመለከተው ያደርሳል። መልእክቱ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው። 7 ለፕሮግራመሩ ብቻ የሚጠቅም ዝርዝር ነው፤ 4 ማስጠንቀቂያ፣ 3 ስህተት። 0 ከሆነ ግን ነገሩ ድንገተኛ አደጋ ነው፤ በተለመደው አሠራር መዝገብ ላይ ብቻ አይቀርም፣ ማሽኑ ላይ ላለ ሰው ሁሉ ይነገራል። መመዝገብና መናገር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው ማለት ነው።

ይህ ልዩነት እኛን ሕይወት አስከፍሎናል።

ቦይንግ 737 ማክስ ላይ ኤምካስ የሚባል ሶፍትዌር ነበር። እንደ ኮምፒውተሩ ዴመን የተሠራ ባይሆንም ጠባዩ ያው ነው፦ ከጀርባ ይሠራል፣ ሳይጠራ ይነሳል፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ይጫናል። መረጃ የሚቀበለው ከአንድ ሴንሰር ብቻ ነበር። አብራሪዎች የሚያነቡት መመሪያ መጀመሪያ ላይ ስለ አሠራሩ አላብራራም። ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች ካለቁ በኋላ ነው ዓለም ያወቀው።

ሁለቱ ሴንሰሮች ሲለያዩ ኮክፒት ውስጥ መታየት የነበረበት ማስጠንቀቂያም ነበር። ተጨማሪ መሣሪያ ባልገዙት አየር መንገዶች ዘንድ አይሠራም ነበር። ቦይንግ ጉድለቱን በ2017 (እ.ኤ.አ.) እንዳወቀው በኋላ ራሱ አምኗል።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2:38 ገደማ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ፣ የቀኙ 15.3 አሉ። ኤምካስ የግራውን አመነ። በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎች አለቁ።

መዝጋቢው ሣጥን በማግስቱ ተገኝቶ ፓሪስ ተነበበ። ሁሉም ነገር ተጽፎበታል፤ የሴንሰሮቹ ልዩነት፣ የሶፍትዌሩ ጫና፣ የአብራሪዎቹ ትግል። መጋቢት 26 የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ዳግማዊት ሞገስ፣ አብራሪዎቹ አምራቹ ያወጣውን መመሪያ ደጋግመው መፈጸማቸውን ያስታወቁት በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ነው። ጣት ወደ ሟቾቹ ሲቀሰር መዝገቡ መሰከረላቸው።

መመስከር ቀላል ነገር አይደለም። ግን ያ ልዩነት በጊዜው ለካፒቴኑ በግልጽ መነገር ነበረበት፤ የደረሰው ለመርማሪዎቹ ነው። ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ ፕሮግራማችሁ ስህተቱን መመዝገቡን ብቻ አትዩ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲበላሽ ማን እንደሚሰማውም ጠይቁ።