ሞንቲሴሎ፦ የጡብ ቤቱ፣ ትንሿ ቤትና የአትክልት ቦታው
ቻርለትስቪል አጠገብ፣ ቨርጂኒያ፣ አሜሪካ (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ.)

ባለ ጉልላቱን የሞንቲሴሎ ቤት የነደፈው ራሱ ባለቤቱ ቶማስ ጀፈርሰን ነው። ሸክላ አፈሩን ካቦኩት፣ ጡቡን ካቃጠሉትና ከደረደሩት መካከል ግን በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳያስቡ ቤቱን ማድነቅ አይገባም።

መጀመሪያ የተሠራችው በስተደቡብ ያለችው ትንሿ የጡብ ቤት ናት። ጀፈርሰን በ1770 ገባባት፤ በ1772 ደግሞ ሙሽራውን ማርታን አመጣባት። ከላይ አንድ ክፍል፣ ከሥር ማድ ቤት ብቻ ነበራት።

ጀፈርሰን በ1826 ዕዳ ጥሎ ሞተ። ቤቱን ከመፍረስ ያዳነው በ1830ዎቹ የገዛው የባሕር ኃይል መኮንን ኡራያ ሌቪ ነው። በ1923 ቤቱ ዛሬ ለሚያስተዳድረው ድርጅት ተላለፈ።

ከዚያ ወዲህ ከተደረገው እድሳት ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው የአበባ ቦታው ነው። በ1939 ሥራው ሲጀመር የጀፈርሰን ንድፎች በእጅ ነበሩ፤ የጠፋውን ጠመዝማዛ መንገድ በመሬቱ ላይ ለማግኘት ግን በሌሊት የመኪና መብራት በሣሩ ላይ አበሩ። አግድም በወደቀው ብርሃን የጥንቱ መንገድ ቅርጽ ወጣ። 1,000 ጫማ (305 ሜትር ገደማ) የሚረዝመው የጓሮ አትክልት እርከን ደግሞ ከ1979 ጀምሮ በአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ተጠንቶ ታድሷል።

ከአበባው ወደ እርከኑ ስትወርዱ መልበሪ ሮውን ታገኛላችሁ። በባርነት የተያዙት ሰዎች የኖሩበትና የሠሩበት መንገድ ነውና፣ እባካችሁ ሳታዩት አትመለሱ።