ክተት
«ክተት» የመጣው «ከተተ» ከሚለው ግሥ ነው፤ እህሉን ጎተራ ከተተ እንላለን። ነጋሪት ሲጎሰም ደግሞ ቃሉ ሠራዊት ይሰበስባል። ብዙ ሰው «ዝመት» ብቻ አድርጎ ይፈታዋል፤ እኔ ግን የቃሉ ጉልበት አብሮት በሚነገረው ምክንያት ላይ ነው እላለሁ። ዳግማዊ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የክተት አዋጅ ጠላት ባሕር አልፎ አገርና ሃይማኖት ሊያጠፋ መምጣቱን ገለጸ፤ ለሸዋ ሰው መገናኛውን ወረኢሉ፣ ጊዜውንም ጥቅምት አጋማሽ ብሎ ቆረጠ። ስንቅ መሰነቁ፣ አጋሰስ መጫኑ የየቤቱ ፈንታ ነበር። ጉልበት የሌለውም በጸሎት እንዲረዳ ተጠየቀ።

የዛሬ መኮንኖች ይህን «የአዛዥ ሐሳብ» ይሉታል፦ ግቡንና ምክንያቱን ለበታች አሳውቆ አፈጻጸሙን ለእርሱ መተው።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ በላይ ዘለቀ በቢቸና ዙሪያ አርበኞችን ሲመራ፣ ከየጁቤ ሞጣ መልእክት በእግርና በበቅሎ በሚሄድበት ዘመን፣ የአዛዡን ሐሳብ አስቀድሞ ማወቅ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር። መልእክተኛ ደርሶ እስኪመለስ የጠላት ጦር ገደሉን ይሻገራል። የጎበዝ አለቃው የተፈለገውን አስቀድሞ ካላወቀ ትእዛዝ ሲጠብቅ ይመሽበታል፤ ካወቀ ግን መሻገሪያውን ራሱ ይዘጋል።