የጋራ መብራት፣ የጋራ ዓይን



በሲያትል ከተማ የምንኖር ሁላችን የመብራት ሒሳብ እንከፍላለን፤ ሲበዛብንም እናጉረመርማለን። ግን የመብራቱ ባለቤት ማነው ብለን የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ባለቤቱ እኮ ከተማው ነው፤ ማለትም ነዋሪው፣ እኛው ራሳችን። ይህ እንዴት እንደመጣና ለእድራችን ምን እንደሚያስተምር ባጭሩ እንገልጻለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በ1902 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከተማው 590,000 ዶላር በቦንድ እንዲበደርና በሲዳር ወንዝ ላይ የኃይል ማመንጫ እንዲሠራ ፈቀደ። በጥር 1905 ከዚያ የመጣው ኃይል የመንገድ መብራቶችን አበራ። የግል ኩባንያውም አልተኛም። የከተማውና የኩባንያው ምሰሶ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ቆሞ ለዓመታት በደንበኛ ሲሻሙ ኖሩ። ከተማው የኩባንያውን የሲያትል ድርሻ ገዝቶ ብቻውን የቀረው በ1951 ነው።

መሥሪያ ቤቱን ከ1911 ጀምሮ የመሩት ሚስተር ጄ. ዲ. ሮስ ነበሩ። በስካጂት ወንዝ ላይ ግድብ ያስጀመሩትም እሳቸው ናቸው። በመጋቢት 1931 የከተማው ከንቲባ ፍራንክ ኤድዋርድስ ሥራቸውን በደንብ አልመሩም ብሎ አሰናበታቸው። ሕዝቡ ታዲያ ምን አደረገ? ዝም አላለም። ፊርማ አሰባስቦ ከንቲባው እንዲወርድ ድምፅ ጠየቀ፤ በሐምሌ ወር ያው ከንቲባ በብዙ ድምፅ ልዩነት ከሥልጣኑ ተነሣ። ምክር ቤቱ የሾመው አዲሱ ከንቲባም ሚስተር ሮስን ወደ ቦታቸው መለሰ። በ1939 ሲሞቱ የተቀበሩት በዚያው በስካጂት ዳር ኒውሃለም በምትባል ሥፍራ፣ በስማቸው በተጠራው ተራራ ግርጌ ነው። ቀብር የማኅበራችን ሥራ ነውና ይህን ሳናነሣ አናልፍም፤ ሕዝብ ያገለገለውን ሰው አይረሳም።

ነገር ግን ቁጥጥር ማለት ጥሩ ሠራተኛን መጠበቅ ብቻ አይደለም። የራስንም መሥሪያ ቤት እምቢ ማለት አለበት። በ1970ዎቹ የዋሽንግተን ስቴት የመብራት ድርጅቶች ተባብረው አምስት የኑክሌር ማመንጫዎች ለመሥራት ተነሥተው ነበር። ሲያትል በአራተኛውና በአምስተኛው እንድትገባ የመሥሪያ ቤቱ አመራር ፈለገ። ነዋሪዎች ያሉበት ኮሚቴ የተከታተለው ጥናት ግን የኃይል ፍላጎቱ ተጋኖ እንደተገመተና መቆጠብ ከመገንባት እንደሚረክስ አሳየ። በ1976 የከተማው ምክር ቤት አንገባም አለ። በ1982 የሁለቱ ማመንጫዎች ሥራ ቆመ፤ በ1983ም 2.25 ቢሊዮን ዶላር የቦንድ ዕዳ ሳይከፈል ቀረ። ከሌሎች ከተማዎችና ወረዳዎች የገቡት 88 ድርጅቶች በጭንቅና በክስ ተጠመዱ። ሲያትል ከዚያ ጣጣ የዳነችው ሰብስቦ የጠየቀ ሰው ስለነበረ ነው።

እንዲህም ሆኖ የጋራ ንብረት ስለሆነ ብቻ ከችግር አይድንም። በ2000 እና በ2001 ድርቅና የገበያው ዋጋ መናር ተደራርበው ከተማው ውድ ኃይል ለመግዛት ተገደደ፤ ተበደረ፤ ታሪፉም ደጋግሞ ጨመረ። ዕዳውን የከፈልነው እኛው ደንበኞቹ ነን። ልዩነቱ ታሪፉን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት መሆኑ ነው፤ ሥራ አስኪያጁንም ከንቲባው ሲሾም ምክር ቤቱ ማጽደቅ አለበት። በስብሰባ ቀርቦ «ለምን?» ማለት ይቻላል። ከግል ኩባንያ ጋር ቢሆን ለማን አቤት እንላለን?

አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ብለዋል። እድራችንም እንደዚያው ነው። የምናዋጣው ገንዘብ የሁላችን ነው፤ የሁላችን የሆነ ነገር ደግሞ ጠያቂ ካጣ የማንም ሳይሆን ይቀራል። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መርማሪው የሚያነቡትን ሪፖርት «አምነናቸዋል» ብለን ሳንሰማ አንውጣ። ታማኝ ሰው መጠየቅን አይጠላም፤ ሲጠየቅ ሸክሙ ይቀልለታል። ስለዚህ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤ ከቡናው በፊት ሒሳቡን እንስማ፤ ያልገባንንም እንጠይቅ።

እግዚአብሔር አንድነታችንን ይጠብቅልን።